ስልሳ ስድስት የሚል ማኅተም

የድሮ ስልክ መቼ እንደተሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊቱን አይቶ አይፈርድም፤ ገልብጦ ሥሩን ያያል። ፊት ያሳስታል። ጥቁር የሆነ ሁሉ የጥንት፣ ከበድ ያለ ሁሉ የንጉሡ ዘመን ይመስላል። ቁጥር ማዞሪያ ያለው ስልክ ይዘው «የአጼ ምኒልክ ጊዜ ነው» የሚሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ገዢ የማያጡትም በዚህ ምክንያት ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ሲዘረጋ ግን ደዋይ የሚያዞረው ቁጥር አልነበረም። አንዱን መስመር ከሌላው ጋር የሚያገናኘው መካከል ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ማዞሪያ የሚያስፈልገው ያንን ሰው የሚተካ አውቶማቲክ ማዕከል ሲመጣ ነው። እንግዲህ አንድም ብሎን ሳንፈታ፣ ማዞሪያው ብቻውን «ከዚያ በፊት አልነበርኩም» ይለናል። የስልክ ዕድሜ ፍለጋ ሁሉ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ዕቃው ከመቼ በፊት እንዳልነበረ ይነግረናል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበረ ግን ራሱ አይናገርም።

እኔ የምኖርባት እንግልውድ ከዴንቨር ጋር በስተደቡብ የተያያዘች ከተማ ናት። ሁለቱን በቀጥታ የሚያገናኘው ደቡብ ብሮድዌይ፣ በዴንቨር በኩል ባለው ክፍሉ፣ በአሮጌ ዕቃ ሱቆቹ የታወቀ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤታቸውን የሚለቁ ሰዎች ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል በብዛት የሚገኘው ስልክ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የሠራው፣ 500 የሚባለው ነው። ሄንሪ ድሬይፈስ ቅርጹን ያወጣለት፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ፣ በአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ሁላችንም ያየነው ስልክ ነው። ስለ አሮጌ ስልክ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር የተማርኩት ከሱ ነው። ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ምክንያቱም አካሉ ሁሉ ቀን ተጽፎበታል።

ሥሩ ላይ 5-56 የሚል ማኅተም ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተኛው ወር ማለት ነው። ከሱ በፊት በነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው 302 በሚባለው ስልክ ላይ ደግሞ ወር ሳይሆን ሩብ ዓመት ይጻፍ ነበር፤ ሦስት ቀጥ ያሉ የሮማውያን ጭረቶችና ከአጠገባቸው 41 ካለ፣ የ1941 ሦስተኛው ሩብ ነው። የ500ን ሁለት ብሎኖች ፈትቶ ሽፋኑን ላነሳ ሰው ሌሎች ቀኖች ይጠብቁታል። ደወሉ ላይ አንድ፣ ማዞሪያው ጀርባ ላይ አንድ፣ በሽፋኑ የውስጥ በኩል አንድ፣ በእጀታው ሆድ ውስጥ አንድ፣ የሚናገሩበትና የሚሰሙበት ካፕሱሎች ላይ ደግሞ አንድ አንድ።

እነዚህ ቀኖች ሁሉ አንድ ላይ የሚገጥሙበት ስልክ ብዙ አይደለም። ምክንያቱ ስልኩ የባለቤቱ ስላልነበረ ነው። የቤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1984 እስኪከፋፈል ድረስ አብዛኛው የአሜሪካ ቤተሰብ ስልኩን የሚከራይ ነበር። በኮሎራዶ የሚያከራየው ማውንቴን ስቴትስ የሚባለው የቤል ቅርንጫፍ ነው፤ በ1929 ያሠራው ሕንፃ ዛሬም ዴንቨር መሐል 14ኛው ጎዳና ላይ ቆሟል፤ አለን ትሩ የተባለው ሠዓሊ የሣላቸው ሥዕሎችም በውስጡ አሉ። ተከራይ ሲለቅ ወይም ስልኩ ሲበላሽ ዕቃው ወደ ኩባንያው ይመለሳል፣ ይፈታል፣ ይጸዳል። ደህናው ክፍል ከሌላ ደህና ክፍል ጋር ይገጠማል። ከዚያ አዲስ ቀን ይመታበትና ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ደወሉ የ1951፣ ማዞሪያው የ1956፣ ሽፋኑ የ1962 የሆነ ስልክ ሲገኝ፣ አንድ ሰው አጭበርብሮ የገጣጠመው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሲሠራና ሲጠገን የኖረ ስልክ ነው። ሰብሳቢዎች ቀኖቹ ሁሉ ለሚገጥሙት የበለጠ ይከፍላሉ፤ እንዲህ ያለው ስልክ ግን አንዳንዴ ጥቂት ያገለገለ ስልክ ነው።

በአገራችንም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ስልክ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያስገባው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ቴሌ ነው። የቴሌ ሠራተኛ ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውንና ጥቂት ትርፍ ክፍሎች በቦርሳው ይዞ ይመጣል። የሚገጥመው ቦርሳው ውስጥ ያለውን ነው፤ የክፍሉን ዓመት ከስልኩ ዓመት ጋር አያመሳክርም። የአዲስ አበባም ስልክ እንደ ዴንቨሩ የብዙ ዓመቶች ስብስብ ነው።

ባለፈው ዓመት እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ አውሮራ የሚኖሩ እናት፣ በጋቢ የተጠቀለለ ግራጫ ስልክ ይዘው ቤቴ መጡ። የእናታቸው ቤት በቅርቡ ተሸጦ ነበር። ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ሁለት አንድ ዓይነት ስልኮች ተገኙ። አንደኛውን የወንድማቸው ልጅ በሻንጣዋ ይዛላቸው መጣች፤ ሌላውን ጎረቤት ወሰደችው። ከሁለቱ አንዱ የቤቱ ስልክ ነው። አንዱ ደግሞ ዘመድ ይሁን ተከራይ፣ ማንም የማያስታውሰው ሰው ያስቀመጠው ነው። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ወደ አሜሪካ የመጣው የቤቱ ስልክ እንዳልሆነ ቁርጥ አድርጎ ነግሯቸዋል።

እትዬ በ1975 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ከአገር ወጡ። እናታቸው በ1986 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸው እዚህ ነበሩ፤ መርዶ ነጋሪዎች ማለዳ በራቸውን አንኳኩተው ነው ያረዷቸው። በእነዚያ 11 ዓመታት ውስጥ እናታቸውን አንድም ቀን አላዩም። የነበራቸው ድምፅ ብቻ ነው። በክረምቱ ቅዝቃዜ ዴንቨር ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ እናታቸው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበት ሰዓት። ገንዘብ የተገኘ ወር ይደውላሉ።

«እማዬ የተናገረችበት ይኼ ከሆነ ልወቀው፤ ካልሆነም ልወቀው» አሉኝ።

የወንድማቸው ማስረጃ አንድ ነበር። ሥሩ ላይ በደበዘዘ ቀለም 66 ተብሎ ተጽፏል። «የኛ ስልክ የገባው ከአብዮቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ይሄ ግን ስልሳ ስድስት ይላል» ብሏል። በዚህ የሚፈርድበት ኢትዮጵያዊ የለም። ስልሳ ስድስት ለእኛ ተራ ቁጥር አይደለም። «ከስልሳ ስድስት በፊት»፣ «ከስልሳ ስድስት በኋላ» እያልን ዕድሜያችንን፣ ቤታችንን፣ ሰው ያጣንበትን ጊዜ የምንቆጥርበት ነው። ዓይን ቁጥሩን ሲያይ አእምሮ የካቲትን ያስባል።

ማኅተሙን የመታው ሰው ግን ስለ የካቲታችን አያውቅም። ስልኩ የኤሪክሰን ነው፤ ስዊድን የተሠራ ነው። ፋብሪካ የሚቆጥረው በራሱ አገር የዘመን አቆጣጠር ስለሆነ፣ 66 የሚለው እ.ኤ.አ. 1966 ነው። በኛ አቆጣጠር ከመስከረም በፊት ከሆነ 1958፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ 1959 ዓ.ም. ማለት ነው። እትዬ ስልክ ቤታቸው የገባው ይኸው ታናሽ ወንድማቸው ክርስትና በተነሣበት በ1960 ዓ.ም. እንደሆነ ያስታውሳሉ። በ1959 ከፋብሪካ የወጣ ስልክ በ1960 አዲስ አበባ ቢገጠም የሚያስገርም ነገር የለውም። ወንድማቸው ስልኩን ውጪ ያደረገበት ቁጥር መልሶ አስገባው። አስገባው እንጂ የእናታቸው ነው አላለም። በዚያው ዓመት የተሠራ ስልክ በከተማው ብዙ ነበር።

ከሥሩ ቀጥሎ ያየሁት ማዞሪያውን ነው። ኤሪክሰን ለራሱ አገር የሠራቸው ስልኮች ከሌላው የሚለዩበት አንድ ምልክት አላቸው። ማዞሪያ ሲመለስ መስመሩን በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል እያቋረጠ ምት ይልካል። በአብዛኛው ዓለም 1 አንድ ምት፣ 2 ሁለት ምት እያለ ሄዶ 0 አሥር ምት ነው። ስዊድን ውስጥ ግን 0 አንድ ምት፣ 1 ሁለት ምት ነበር፤ ስለዚህ የስዊድን ስልክ ቁጥሩን የሚጀምረው ከ0 ነው። የእትዬ ስልክ ከ1 ጀምሮ በ0 ይጨርሳል፤ ወደ ውጭ ለመላክ የተሠራ ነው። አካሉም ፕላስቲክ ነው። ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሠራው፣ ኖርዌያዊው ሠዓሊ ዣን ሃይበርግ ከመሐንዲሱ ዮሃን ክርስቲያን ቢየርክነስ ጋር ቅርጽ ያወጣለት የባክላይት ስልክ ጥቁርና ከባድ ነበር። ይኼኛው ቀላልና ግራጫ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ትውልድ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ምስክር ከ66 ጋር ይስማማል።

የቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ወረቀት ቢኖር ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ወረቀቱ የለም። ስለዚህ እትዬን ጠየቅኳቸው፤ የጠየቅኳቸው ግን ስልኩን በጋቢው መልሼ ከሸፈንኩ በኋላ ነው። ሰው ዕቃውን እያየ ሲያስታውስ፣ የሚያየውን ሊያስታውስ ይችላል። ቀድሞ ተናግሮ በኋላ ሲታይ ግን ማመሳከር ይቻላል።

«አባትዎ ስልኩን ይቆልፉት ነበር?»

ሳቁ። የማይቆልፍ አባት ማን ነበር? ትንሽ ጓጉንቸር በማዞሪያው ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፤ ማዞሪያው ትንሽ ሄዶ ጣት ማቆሚያው ብረት ላይ ሲደርስ ጓጉንቸሯ ትይዘዋለች። ብዙ ሰው የሚቆልፈው በ1 ቁጥር ቀዳዳ ነው፤ ያኔ ከ1 በላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ይዘጋል። «የኛ በ2 ነበር» አሉ እትዬ። «የአባባ ጓጉንቸር ወፍራም ናት፤ በ1 ስትገባ ከብረቱ ጋር እየተጋጨች አስቸገረችው።» ከዚያ እሳቸውና ጓደኛቸው ጓጉንቸሯን እንዴት ያታልሏት እንደነበር ነገሩኝ። እጀታው ሲቀመጥ የሚወርዱትን ሁለት ጉጦች በጣት መታ መታ ማድረግ ነው፤ ለ4 አራት ጊዜ፣ ለ7 ሰባት ጊዜ፣ በቁጥርና በቁጥር መካከል ትንሽ ማረፍ። ማዞሪያውም የሚሠራው ይህንኑ ስለሆነ ማዕከሉ ልዩነቱን አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ካለበት ቤት ያደጉ የዚያ ዘመን ልጆች መካከል በዚህ ዘዴ የደወሉ ነበሩ።

ጋቢውን አነሣሁት። በማዞሪያው ሳህን ላይ የ1 ቁጥሩ ቀዳዳ ጠርዝ በአንድ በኩል ብቻ ጥቂት ተጭሯል። የ2 ቁጥሩ ቀዳዳ ግን ዙሪያውን በሙሉ ተፍቆ ነጥቷል።

የማዞሪያ ሳህንም ይለወጣል፤ በ2 ቁጥር የሚቆልፍ ሌላ አባትም ሊኖር ይችላል። ግን ይህ ፋብሪካ የመታው ማኅተም አይደለም፤ ቤት ውስጥ የወጣ ምልክት ነው። ሳያዩት የተናገሩት ቃል ካዩት በኋላ ሲገጥም ክብደቱ ከቀን ይበልጣል። ወንድማቸው በሳምንቱ ጎረቤት ቤት ሄዶ ሁለተኛውን ስልክ አየው። በላዩ ምንም የጓጉንቸር ጭረት የለበትም።

ከዚያ በኋላ የቀረው እጀታው ነው። እትዬ ዋና ጉዳያቸው እሱ ነበር። «እማዬ አፏን ያስጠጋችው እዚህ ጋ አይደል?» እያሉ የሚናገሩበትን በኩል በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ክዳኑን አዙሬ ፈታሁት። ውስጥ ያለው ካፕሱል ላይ 81 ተጽፏል። ይህም በፋብሪካው አቆጣጠር ነው፤ በኛ ከ1973 ወይም ከ1974 ዓ.ም. በፊት አልነበረም ማለት ነው። ስልኩ የ1966፣ ካፕሱሉ የ1981፤ አንድ ቀን አንድ የቴሌ ሠራተኛ አሮጌውን አውጥቶ ይኼንን ገጥሟል። መቼ? ማኅተሙ ይህንን አይነግረንም። እትዬ ከመውጣታቸው በፊት ሊሆን ይችላል፤ በ11ዱ ዓመታት መካከል ሊሆን ይችላል፤ እናታቸው ካረፉም በኋላ ሊሆን ይችላል።

ካፕሱል ለምን እንደሚለወጥ አስረዳኋቸው። በውስጡ የከሰል ብናኝ አለ፤ ኤሌክትሪክ በብናኙ ውስጥ ያልፋል። ሰው ሲናገር ስስ ሽፋን ይርገበገባል፣ ብናኙን ይጨምቀዋል፣ ይለቀዋል፤ ድምፁ በኤሌክትሪኩ ላይ የሚጻፈው እንደዚህ ነው። ከዕድሜና ከእርጥበት የተነሣ ብናኙ ሲጋገር ድምፅ ይደክማል፣ ይታፈናል። የሚሰሙበት ካፕሱል ግን ሌላ ስለሆነ ባለስልኩ ምንም አያውቅም፤ ከወዲያ ያለውን ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ችግሩን የሚያውቀው ከወዲያ ያለው ሰው ብቻ ነው።

እትዬ ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ «እማዬ አንድ ዓመት ያህል ድምፅዋ ሞቶ ነበር» አሉ።

በ1979 ዓ.ም. ነው። እናታቸው ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነበሩ። ምን ሆነሽ ነው ሲሏቸው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። በውጭ አገር ለሚኖር ልጅ ሕመም አይነገርም፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም አድርገነዋል። እትዬ እናታቸው እንደታመሙ፣ ቤተሰቡም እንደደበቃቸው እርግጠኛ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት፣ እዚሁ እንግልውድ ስዊድሽ በሚባለው ሆስፒታል ሥራ እንደጀመሩ ለመንገር ሲደውሉ፣ ድምፁ ጠርቶ ጠበቃቸው። ዳነች ብለው ተሳሉ። ግን ቂሙ በወንድማቸው ላይ ቀረ። ከ6 ዓመት በኋላ መርዶው ሲመጣ፣ «ያኔ የጀመራት በሽታ ነው፤ እሱ ግን ሳልደርስላት ደበቀኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ ሲነጋገሩ የኖሩት በዚህ ላይ ሆነው ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «ያን ጊዜ ወንድምዎ ስልኩን ሲቀበል የሱ ድምፅስ እንዴት ነበር?»

«የሱም ታፍኖ ነበር» አሉ። «እያለቀሰ የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ራሳቸው የተናገሩትን ሰሙት። እናት ታማ ድምፅዋ ቢደክም የልጅዋ አይደክምም። የሁለቱም አብሮ የደከመው፣ የሁለቱም አብሮ የጠራው፣ ሁለቱም የሚናገሩት በአንድ ከሰል ውስጥ ስለሆነ ነው። ወንድማቸው በማግሥቱ በስልክ ሲጠየቅ የቴሌ ሠራተኛ መጥቶ «አፉን ፈትቶ ውስጡን ለውጦ» እንደሄደ አስታወሰ። ዓመቱን አላስታወሰም። ዓመቱን የሚያውቁት እትዬ ናቸው፤ ከ1973 በፊት ሊሆን እንደማይችል የሚያውቀው ካፕሱሉ ነው። ሦስቱ ምስክሮች አንድ ላይ ሲቀመጡ 1980 ዓ.ም. ይወጣል።

ይህ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ለእትዬ ለይቼ ነግሬያቸዋለሁ። እናታቸው በ1979 ዓ.ም. አልታመሙም አይልም። የሚለው፣ የድምፁ መድከም የሕመም ማስረጃ አይደለም ነው። ቂሙ የተሠራው ግን በዚያ ማስረጃ ላይ ብቻ ነበር። እትዬ ከዚያ ወዲህ ከወንድማቸው ጋር ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳቸውም። የምንነጋገርበት ጉዳይ ስልክ ነው።

ቀን ብቻውን ብዙ አይሠራም። 66 የሚለው ማኅተም ወንድምየውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እኔን ወደ ሌላ ወስዶናል፤ ሁለታችንንም እዚያው አቁሞን ነበር። የጓጉንቸሯን ጭረት ትርጉም የሰጠው እትዬ የነገሩኝ ነገር ነው። የካፕሱሉን ቀን ወደ አንድ ዓመት ያጠበበው አንድ ሰው ሥራ የጀመረበትን ጊዜ ማስታወሱ ነው። በተቃራኒውም፣ ትዝታው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሕመም ሆኖ ይቀር ነበር። ብዙዎቻችን ከአገር ቤት የመጣ አንድ ዕቃ በየቤታችን አለን፤ ዕድሜውን የሚነግረን የፋብሪካ ሰነድ ዛሬ ባይገኝ ነገ ሊገኝ ይችላል። የሚጠፋው ጓጉንቸሯ በየትኛው ቀዳዳ ትገባ እንደነበር የሚያውቀው ሰው ነው። ካቻቪቴ ከማንሣት በፊት እሱን መጠየቅ ይቀድማል።

ስልኩን መልሰን ስንዘጋው ካፕሱሉን አልለወጥኩትም። ዛሬ ማንም አይናገርበትም፤ ቢደክምም ይደክም። እትዬ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ስለፈለጉ፣ በትንሽ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ክፍል በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍን፤ ሥረ ዕቃው እ.ኤ.አ. 1966፣ 1958 ወይም 1959 ዓ.ም.፤ የሚናገሩበት ካፕሱል እ.ኤ.አ. 1981፣ የተገጠመው በ1980 ዓ.ም. ገደማ፤ ገመዱ ኋላ የተለወጠ፣ ዓመቱ የማይታወቅ። ወረቀቱን አጥፌ ከሽፋኑ ሥር፣ ከደወሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሁለቱን ብሎኖች ያጠበቁት ግን እትዬ ራሳቸው ናቸው።